የሚቸኩል ደወል

ድንጋዩ አንድ ብቻ መሆኑን አባ ክንፈሚካኤል የነገሩኝ ገና በቅጽሩ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። የግራር አምባ ሚካኤል ገበዝ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ካህን።

«የጥንቱ ደወል ከተፈለጠበት አለት የቀረው ይኸው ንጣፍ ነው» አሉኝ። «ስምንት ሰው ሁለት ቀን ተሸክሞ አመጣው። ከተበላሸ ሌላ የለንም። ይኸን እወቅልን።»

እሺ አባ አልኳቸው። እሺ ለማለት ያን ያህል መፍጠን አልነበረብኝም።

ግራር አምባ ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ብዙ የድሮ አጥቢያ የሚደውለው በድንጋይ ነው። ሦስት ረዘም ረዘም ያሉ ስስ ድንጋዮች በጠፍር ታስረው ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጡጫ በሚያህል ድንጋይ ሲመቷቸው እንደ ብረት ይጮኻሉ። ሁለቱ ለቅዳሴና ለበዓል ናቸው። ትልቁ ብቻውን የሚመታው ሰው ሲሞት ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ በአንዱና በሌላው ምት መሃል ረጅም ጊዜ እየተተወ። ከገደሉ ማዶ ጊዮርጊስ አለ፤ እሱም የድንጋይ ደወል አለው፤ የእሱ ድምፅ ግን ቀጭን ነው። ቆላው ውስጥ ማሳው ላይ ያለ ሰው የሚለየው በዚሁ ነው። ወፍራሙ ከጮኸ የሞተው የዚህ አጥቢያ ሰው ነው፤ ቀጭኑ ከጮኸ የማዶ ሰው ነው።

በነሐሴ ነፋስ ቅርንጫፉን ገንጥሎ ትልቁን ደወል ከሦስት ሰበረው። በመስከረም አባ ላቀው አረፉ። አርባ ዓመት ሙሉ የአጥቢያውን ሰው ለቀብር ሲጠሩ የኖሩት ደዋይ እሳቸው ነበሩ። ለእሳቸው የተመታላቸው መካከለኛው ድንጋይ ነበር። ቆላ ያለው ሰው የጊዮርጊስ መስሎት ሥራውን ቀጠለ። የቀበራቸው አሥራ አንድ ሰው ነው። አባ ክንፈሚካኤል ይኸን ሲነግሩኝ ቁጥሩን ብቻ አልተናገሩም፤ አሥራ አንዱን በየስማቸው ጠሩልኝ።

እኔ ዘሩ እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ድምፅ መስማት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ በየበዓሉ በየደብሩ እየሄድኩ ማኅሌቱን፣ ቅዳሴውን፣ የሰዉን እርምጃ ሳይቀር በትንሽ ሪከርደር እቀዳለሁ። በ2002 ዓ.ም. ለኅዳር ሚካኤል ግራር አምባ መጥቼ በማግስቱ አንዲት ባልቴት አረፉና ትልቁ ደወል ተመታ። ሪከርደሬን ጋቢዬ ሥር ይዤ ቀዳሁት። በሰው ሐዘን ላይ ቆሞ መቅዳት ደስ አይልም፤ ንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። ግን ቀዳሁት።

ሱቅ ስመለስ ወደ ኮምፒውተሬ አስገባሁት። ናሁሰናይ የሚባል የኮሌጅ አስተማሪ በሲዲ ያመጣልኝ አንድ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ድምፅ የሚሠሩበት ነው። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ትደረድራለህ፤ አንዱን ከሌላው በመስመር ታገናኛለህ፤ እኔ አምፕሊፋየር ውስጥ ሽቦ ከሽቦ እንደምበይደው ማለት ነው። ከሣጥኖቹ አንዱ ሠንጠረዥ ይባላል። ድምፅ ሲገባበት ቁጥር ሆኖ ይሰደራል። «ጻፍ» የሚለውን ስትነካ ያን ቁጥር ሁሉ ወደ ፋይል ይገለብጠዋል፤ በየመስመሩ አንዳንድ ቁጥር። «አንብብ» ስትለው ደግሞ ከፋይሉ መልሶ ሠንጠረዡን ይሞላል። መማሪያው ሠላሳ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር፤ በመዝገበ ቃላት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።

የትልቁን ደወል ሃያ ሴኮንድ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት። ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት ሺህ ቁጥር ሆነ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ከዜሮ ትንሽ ከፍ፣ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ የሚሉ ክፍልፋዮች ናቸው፤ ርእስ የለው፣ ቀን የለው፣ ቁጥር ብቻ። ያኔ ያስደሰተኝ ይኸው ንጽሕናው ነበር። ካሴት ይለጠጣል፣ ይሻግታል፤ ቁጥር ግን አያረጅም ብዬ ከሪከርደሩ ላይ አጥፍቼው የጥምቀትን ዝማሬ ቀዳሁበት።

እንግዲህ በመስከረም መጨረሻ አባ ክንፈሚካኤል ሬዲዮ ሊያሠሩ ሱቄ ገብተው የደወሉን ነገር ሲያጫውቱኝ ድምፁ እኔ ዘንድ አለ አልኳቸው። አዲሱን ድንጋይ የሚጠርበው ሰው እየሰማ ሊያመሳስለው ይችላል። ከሰው ትዝታ ይልቅ ይኸ ይሻላል፤ ቁጥር አይሳሳትም ብዬም ጨመርኩ።

በጥቅምት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ኮምፒውተሬን አቃጠለው። ፋይሉ በፍላሽ ነበረኝ። ናሁሰናይ ላፕቶፑን አዋሰኝ፤ ባትሪው አርጅቷልና ከአንድ ሰዓት በላይ አትመንበት አለኝ። በኅዳር አሥር ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ላፕቶፑን በጀርባዬ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ በእጄ ይዤ ግራር አምባ ደረስኩ።

ድንጋዩ ወይራው ሥር በሁለት ግንድ ላይ ተጋድሟል። ከሰው ቁመት ትንሽ ያጥራል፤ ጥቁር ግራጫ ነው። ጠራቢው አያ አዛናው አጠገቡ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክንዳቸው ግን የጎልማሳ ነው። ላፕቶፑን ሳወጣ ቀና ብለው አዩት።

«አባ ላቀውን የዋጠው ሣጥን ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው፣ አያ አዛናው።»

«እንዲህ ቀጭን ሆኖ? እሳቸው እንኳ ትከሻቸው ሰፊ ነበር።»

ከተሰበሰቡት አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አያ አዛናው ሳቁን ትተው ነገሩን አስረዱኝ። ድንጋይ ከጫፉ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ወገቡ ሲሳሳ ይወፍራል። ይኸኛው ግን ወገቡ ላይ ስንጥቅ አለበት፤ መሮ ከነካው ለሁለት ይሆናል። ስለዚህ ማሳጠር ብቻ ነው የሚቻለው። ከልኩ በላይ ካጠረ ድምፁ ከጊዮርጊስ ጋር አንድ ይሆናል፤ መመለሻ የለውም።

«እኔ ቆራጭ ነኝ» አሉ። «ቁም የምትለኝ አንተ ነህ።»

ድምፁ በቴፑ እንዲወጣ ላፕቶፑን ከቴፑ ጋር በሽቦ አገናኝቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ሠንጠረዡ ባዶ ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። «አንብብ»ና «ጻፍ» ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ጊዜ ሠንጠረዡ ባዶ ሳለ «ጻፍ»ን ነክቼ የአንድ ሙሉ በዓል ቅጂ በዜሮ ሸፍኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ስደርስ ጣቴን እንደ እንግዳ ጣት ነው የማየው። በስመ አብ ብዬ «አንብብ»ን ነካሁ። ቀጥ ያለው መስመር አምስት ቦታ ላይ አብጦ ተነሳ። አምስቱ የአባ ላቀው ምቶች ናቸው። ባትሪው አርባ አንድ በመቶ ይላል።

ከቴፑ ድምፁ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ነጠላውን አስተካከለ። አንዳንዱ አማተበ። አያ አዛናው ወዲያው ድንጋዩን መቱት፤ የድንጋዩ ድምፅ ከሣጥኑ በብዙ ይወፍራል። ሁለት ጣት ለኩ፣ በከሰል አሰመሩ፣ ዙሪያውን በመሮ ቦይ አወጡለት፤ በመጨረሻ በከባድ መዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ መቱት። ትርፉ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ወደቀ። ድንጋዩን በጠፍር ከፍ አድርገው እንደገና መቱት።

ቀርቧል፤ ግን የሣጥኑ አሁንም ይቀጥናል። ደግሜ አጫወትኩ፤ እሳቸው ደግመው መቱ። ወደ ሰዉ ዞሬ እናንተስ ምን ትላላችሁ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ይመስላል አለ። ሌላው ሣጥኑ ያውቃል አለ። አባ ክንፈሚካኤል ደግሞ እኛ ከሥሩ ቆመን ነው የምንሰማው፣ ሦስት ወርም አልፎታል፣ አንተ የያዝኸውን እመን አሉኝ። እኔንም አንድ ነገር ጎርብጦኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። ያንን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ያንን ቃል ተናግሬ፣ አንድ ነገር ጎረበጠኝ ብዬ ሥራ ማስቆም ከበደኝ። እነሱም እንግዳን ተሳስተሃል ማለት ከበዳቸው። 

«ስንት ጣት?» አሉ አያ አዛናው።

አንድ ጣት ተኩል ያህል አልኩ። እሳቸው አሰመሩና መሮውን አነሱ። ባትሪው ሃያ ሁለት ላይ ነበር፤ ቦዩ እስኪወጣ እንዲቆጥብልኝ ክዳኑን ዘጋሁትና ውኃ ልጠጣ ከቅጽሩ ወጣሁ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ካብ ተደግፋ አንዲት ሴት ጥጥ ትፈትላለች። በለጠች ትባላለች፤ ቤቷ ከቅጽሩ ሥር ነው። ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ ልጇ ሴት በመሆኗ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀኑ ስላልሞላ ወደ ውስጥ አትገባም። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ተነስታ ውኃ በጣሳ ሰጠችኝ፤ ደኅና መጡ አያ ዘሩ፣ እግዜር ያክብርልን አለችኝ። ውኃውን ስጠጣ መሬት መሬት እያየች ጠየቀችኝ።

«ከሣጥኑ የሚጮኸው መካከለኛው ደወል ነው?»

«የለም፣ ትልቁ ነው።»

«እህ» አለች። እንዝርቷን አዞረች። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ።»

በእኛ አገር እንዲህ ሲባል ነገር አለ ማለት ነው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። በለጠች፣ የሰማሽውን ንገሪኝ፤ አልቀየምም አልኳት። እኔ ምን አውቄ አለች። ለመንኳት። ከውስጥ የመሮው ድምፅ ይሰማል፤ ቲክ ቲክ ቲክ።

«አይቀየሙኝ እንጂ፣ አባ ላቀው እንዲህ አይቸኩሉም ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። «የሞት ደወል ሲመቱ እኔ እዚሁ ሆኜ እየፈተልኩ እሰማለሁ። አንዱን ሲመቱ ክሩን መሳብ እጀምራለሁ፤ ስቤ፣ አክርሬ፣ እንዝርቱ ላይ ጠቅልዬ ስጨርስ ሁለተኛው ይመታል። ሁልጊዜ ነው። ስንቱን ሰው ስንሸኝ እጄ ለምዶታል። አሁን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት አባ ላቀው ሳልጠቀልል ይመታሉ።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁማ ቴፑ ትንሽ ስለሆነ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትልቁ ሲመታ እዚህ ነበር የሚያርፍብኝ» ደረቷን ነካች። «ይኸ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።»

የሚቸኩልና የሚቀጥን። ቴፕ ለሠላሳ ዓመት ጠግኛለሁ፤ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ካሴት ፈጥኖ ሲዞር ነው። ግን እዚህ ካሴት የለም፣ የሚዞርም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

የመሮው ድምፅ ቆመ።

ቦዩ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ የሚቀረው መዶሻው ነው። በባዶ እግሬ ሮጥኩ፤ ከቅጽር ውስጥ ሮጬ አላውቅም ነበር። አያ አዛናው መዶሻውን በሁለት እጃቸው አንስተዋል፤ ሁለት ሰዎች ድንጋዩን አጥብቀው ይዘዋል። እጄን በከሰሉ መስመር ላይ አስቀመጥኩት።

መዶሻው ከላይ ቀረ። አያ አዛናው ቀስ ብለው ወደ ጎን አወረዱት። ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ጣትህን ልፈጭልህ ነበር» አሉኝ። «ምን ነካህ?»

«ሣጥኑ ሳይሳሳት አይቀርም።»

 አባ ክንፈሚካኤል ወደ እኔ ጠጋ ብለው እንግዲያው እየው አሉኝ፤ ሱቄ ውስጥ ቁጥር አይሳሳትም ያልኳቸውን ግን ያስታወሱ መሰለኝ።

ክዳኑን ከፈትኩ። አሥራ ዘጠኝ በመቶ። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀመጥኩ፤ ሃያ ሴኮንዱን አጫወትኩ። አምስቱ ምቶች አልፈው የመጨረሻው እስኪጠፋ የሴኮንዱን ዘንግ በዓይኔ ተከተልኩት። አሥራ ስምንትን አለፈና ሃያ ሳይደርስ ድምፁ አለቀ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ባትሪው አሥራ አንድ ላይ ወረደ፤ እንደ አረጀ ባትሪ ሁሉ ወደ መጨረሻው ሲሆን ይንሸራተታል።

ቁጥሩ ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት ሺህ ነው፤ ይኸ አልተለወጠም። የተቃጠለው ኮምፒውተሬ በሴኮንድ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ቁጥር ነበር የሚወስደው፤ ሃያ ሴኮንድ የሆነው በዚያ ነው። የድምፅ ማስተካከያውን መስኮት ፈልጌ ከፈትኩት። የናሁሰናይ ላፕቶፕ በሴኮንድ አርባ ስምንት ሺህ ይላል። ፋይሉን አንድም ሳይጥል አንብቦታል፤ በምን ፍጥነት እንደሚነበብ የሚነግረው ግን በፋይሉ ውስጥ የለም። እኔ አልጻፍኩትም። ንጽሕናው ያስደሰተኝ ያ ቁጥር ራሱን ብቻ ነበር የሚያውቀው።

«ምን አገኘህ?» አሉ አያ አዛናው።

«የአባ ላቀው ምት ከልኩ በላይ ሮጧል። ስለሮጠም ቀጥኗል።»

«ማን ነው ያስሮጣቸው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ አዛናው። ሣጥኑ ሌላ ነው፣ እርምጃውም ሌላ ነው። ሳልጠይቀው አጫወትኩት።»

መዶሻቸውን ድንጋዩ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለመሆኑ ማን ነገረህ አሉኝ። በለጠች አልኳቸው። ከሰዎቹ አንዱ አራሷ ብሎ ሊስቅ ጀመረ፤ አባ ክንፈሚካኤል ዞር ብለው ሲያዩት ተወው።

አርባ ስምንት ሺህን አጥፍቼ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ለአፍታ ቀጥ አለ፤ ስክሪኑም ራሱን አደበዘዘ። ስድስት በመቶ። ሠንጠረዡ ባዶ ሆኖ ቢመጣ እንደገና ለማንበብ ጊዜ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ። አቤቱ አትቸኩልብኝ አልኩ በልቤ። መስኮቱ ተመለሰ። አምስቱ እብጠቶች በቦታቸው ናቸው።

«አያ አዛናው፣ አሁን የሚሰሙት ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ድንጋዩን በጠፍር ከፍ አድርገው ያዙት። አጫወትኩ። የመጀመሪያው ምት ከቴፑ ወጣ፤ ዝግ ያለ፣ ወፈር ያለ። አያ አዛናው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለተኛው መጣ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል ራሳቸው ድንጋዩን በቀስታ መቱት። የሣጥኑና የድንጋዩ ድምፅ ተጠጋግተው ትንሽ ተንቀጠቀጡ። እንዲህ ሲንቀጠቀጡ ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ነው ማለት ነው፤ የበገና አውታር ሲቃኝ ሰምቼዋለሁ። አራተኛው ምት ወጣ። አምስተኛውን ስንጠብቅ ስክሪኑ ጠፋ።

የዚያን ቀን ከዚያ ወዲያ አባ ላቀውን የሰማ የለም።

አያ አዛናው መጀመሪያ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም። ለድንጋዩ ነበር። እጃቸውን በቦዩ ዙሪያ እያዞሩ፣ ይበቃህ ነበር፣ በመጀመሪያው ይበቃህ ነበር አሉት። ከዚያ ወደ አባ ክንፈሚካኤል ዞሩ። ቦዩ የድንጋዩን ሲሶ ያህል ገብቷል አሉ። መቁረጥ አይቻልም፣ ከተቆረጠ ጊዮርጊስ ይሆናል። እንዲህ ተንጠልጥሎ ሲመታ ደግሞ ቦዩ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ሊጸናም ይችላል። የድንጋይን ሆድ ማንም አያውቅም።

አባ ክንፈሚካኤል ወደ እኔ ተመለከቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው አባ፣ ድንጋዩን የእኔ ችኮላ ነው ያቆሰለው አልኳቸው። ለተሰበሰበው ሰውም ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ሣጥኑ ትክክል ነው ስላችሁ የነበረው ሁሉ ትክክል አልነበረም አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነበርና ማን ምን እንዳለ አላየሁም። የሰማሁት፣ ይሰቀል የሚለውን የአባ ክንፈሚካኤልን ድምፅ ነው።

በሁለት ጠፍር ከወይራው ወፍራም ክንድ ላይ ሰቀሉት። የደዋዩ ተተኪ ሊመታ ሲቀርብ አያ አዛናው ከለከሉት።

«እሱ ይምታው» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ከተሰበረም በእሱ እጅ ይሰበር።»

ክፋት አልነበረበትም። ልክ ነበሩ። የመምቻውን ድንጋይ ሰጡኝ፤ አሁንም የአንድ ሰው መዳፍ ቅርፅ አለው። አባ ክንፈሚካኤል አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ማዶ እንዲሰማ አድርጌ መምታት አለብኝ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለት ጊዜ ከተመታ የሞት ጥሪ ይሆናል፤ የሞተ ሳይኖር ሰው ለቀብር አይጠራም፤ በሚካኤል ቅጽር ውስጥ አይዋሽም አሉ። እንግዲህ በቀስታ መትቼ ልሞክር፣ ቦዩን ልይ የሚባል ነገር የለም። አንዲቷ ምት ሁሉንም ትናገራለች።

ዓይኔ ቦዩ ላይ ነበር። ነጭ የድንጋይ ብናኝ አሁንም በውስጡ አለ። አያ አዛናው ከድንጋዩ ሥር እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ቢወድቅ ሊይዙት ይመስል፣ የማይያዝ መሆኑን ከማንም በላይ እያወቁ።

መታሁ።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ። ድምፁ ተነስቶ በቅጽሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በገደሉ አፋፍ ተሻግሮ ወደ ቆላው ወረደ። ከቦዩ ነጩ ብናኝ በቀጭኑ ፈሰሰ። ድንጋዩ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ቀስ እያለ በጠፍሩ ላይ ይዞራል። አያ አዛናው ዘርግተው የነበረውን እጃቸውን አልሰበሰቡም።

ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ አባ ክንፈሚካኤል ወደ አጥሩ ሄዱ። ልጄ በለጠች ብለው ተጣሩ። ከካቡ ማዶ፣ አቤት አባ አለች።

«እሱ ነው?»

 ሕፃኗ ነቅታ ታለቅሳለች፤ እሹሩሩ ስትላት ይሰማል።

«እሱ ነው ብዬ እዚህ ቅጽር ሥር አልዋሽም፣ አባ» አለች። «ትንሽ ታንቋል። ግን የኛ ነው።»

አያ አዛናው እጃቸውን ሰበሰቡ። የታነቀውማ በዚህ ሰውዬ ነው አሉና መሮዎቻቸውን ወደ አኮፋዳቸው መክተት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ከሰዎቹ አንዱ ወደ ቆላው አመለከተ። ከገደሉ ሥር፣ ከሁለቱ አጥቢያዎች መሃል ባለ ማሳ ላይ ጤፍ የሚያጭድ ሰው ነበር፤ ከላይ ሲታይ አውራ ጣት ያህላል። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ ወደ ጊዮርጊስ አይደለም፤ ወደ እኛ ነው። ራሱ ላይ የጠመጠመውን ፈታ፤ ማጭዱን ነዶው ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ዳገቱ መንገድ ጥቂት ተራመደና ቆመ። ሁለተኛውን ምት ይጠብቃል።

እኛም ቆመን አየነው። መምቻው ድንጋይ እጄ ላይ ነው። ሰውዬው አንድ እርምጃ ጨመረ፣ ደግሞ ቆመ፣ እጁን ከጆሮው አስጠጋ።

አባ ክንፈሚካኤል አንዱን ጎልማሳ ጠሩና ሮጠህ ውረድ፣ የሞተ የለም በለው አሉት።